ስውር ደንበኛ

ፋርማሲስቱ ባፈና አዲስ አበባ ወሰን ሰፈር ካለው ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ሲቆም የሚገባው ሰው ሁሉ ሰላይ ይመስለዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ! አምና አንዲት ሴት «ልጄ በትኩሳት ነደደብኝ» ብላ ስታለቅስበት አሳዘነችውና ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ ሰጣት። ሴትየዋ ለካ ልጅም የላትም፤ ዶክተር ሰገነት የላኳት ስውር ደንበኛ ነበረች።

ዶክተር ሰገነት ኮሌጅ እያለ የፋርማሲ ሕግና ሥነ ምግባር ያስተማሩት መምህሩ ናቸው። ስማቸው የገነነው የታመሙ መስለው የሚገቡ ሰዎችን ወደየፋርማሲው እየላኩ፣ ማን ሕግ እንደሚጥስ በማጥናት ነው፤ ተባባሪ ፕሮፌሰርነቱንም ያገኙት በዚሁ ነው። ጥናቱን በባለሙያዎች ሥልጠና ላይ ሲያቀርቡ የባፈናን ስም አልጠሩም። «ወሰን ሰፈር ያለ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ» ብለው ብቻ አለፉ። ከዚህ በላይ መጥራት ምን አለ? አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየው። የፋርማሲው ባለቤት አቶ በርናባስም «ሁለተኛ ብትደግማት ጋዋንህን አውልቀህ ትሄዳለህ» አሉት።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ዝናቡ እየወረደ ሳለ፣ ጫማው በቀይ ጭቃ የተለወሰ ሰው እየሮጠ ገባ።

«ዶክተር፣ የአስም ፓፍ ስጠኝ! ሳልቡታሞል!»

የባፈና ጆሮ ቆመ። የሰፈሩ ሰው «የሚነፋውን ስጠኝ» ይላል እንጂ መቼ ሳልቡታሞል ብሎ ያውቃል?

«ማዘዣ ይዘሃል?»

«ኧረ የምን ማዘዣ! እኔ የኮንትራት ታክሲ ሾፌር ነኝ፣ ዋቅቶላ እባላለሁ። አንዲት ሴትዮ እንጦጦ ቀብር ደርሰው ስመልሳቸው መኪና ውስጥ ታፈኑብኝ። የመድኃኒቱንም ስም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ዋጋ አልጠየቀም፤ ደጋግሞ ወደ ውጭ ያያል። ያቺ የአምናዋ ሴትም እንዲሁ ነበር ያደረገችው። «ያለ ማዘዣ አልሸጥም፣ ወንድሜ» አለ ባፈና። ድምፁን ከፍ ያደረገው፣ የሚቀዳም ካለ ይቅዳ ብሎ ነው።

ዋቅቶላ እየረገመው ወጣ፤ ወዲያው ተሳፋሪዋን ደግፎ ተመለሰ። ነጠላቸው በዝናብ ርሷል፣ ደረታቸው ያፏጫል። ዶክተር ሰገነት!

ባፈና ሊስቅ ምንም አልቀረው። ጭራሽ ራሳቸው መጡ! ክፍል ውስጥም እንዲህ ነበሩ። በሽተኛ ሆነው ይገባሉ፣ ያቃስታሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ይደፋሉ። አንዱ ሆደ ቡቡ ተማሪ ብድግ ብሎ መድኃኒት ሲያቀብላቸው ቀጥ ይሉና እየሳቁ «ማዘዣው የታለ?» ይላሉ። የአስም በሽተኛ ሆነው ሲተውኑማ የሚተካከላቸው የለም።

«ማዘዣ ይዘዋል፣ ዶክተር?» አለ እጁን አጣምሮ።

አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ፉጨት ብቻ ነው። ባፈና ጠበቀ። አሁን ቀጥ ይላሉ፣ አሁን ይስቃሉ። ዋቅቶላ «አንተ ሰው አይደለህም እንዴ!» ብሎ ባንኮኒውን ሲደበድበው እንኳ፣ ይሄንንም አሠልጥነውት ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ዶክተር ሰገነት ባንኮኒውን እንደያዙ ቁልቁል ተንሸራተቱ። ጠርዙ ላይ የቀሩት ጣቶቻቸው ጥፍራቸው ወደ ሰማያዊ ሄዷል።

ጥፍር ደግሞ ቴአትር አይሠራም።

ባፈና ፓፉን ከመደርደሪያው አንስቶ ባንኮኒውን እንዴት እንደዘለለው አያውቅም። ነቅንቆ አፋቸው ላይ ደቀነና «ይሳቡት፣ ዶክተር፣ ይሳቡት!» እያለ መላልሶ ነፋላቸው። አንድ ቀን የክፍል ማብቂያ ደወል ከተደወለ በኋላ የተናገሩት ትዝ ያለው ያኔ ነው፦ «ነፍስ ልትወጣ ስትል ግን ቀድማችሁ አድኑ፤ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።» ፈተና ላይ ስለማይመጣ ማንም አልጻፈውም ነበር።

ቀስ በቀስ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ዋቅቶላ ሆስፒታል ሊያደርሳቸው መኪናውን ወደ በሩ ለማስጠጋት ወጣ።

«ባፈና» አሉ ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ፣ በቀጭን ድምፅ። «ስታፈን እያየኸኝ... ምን ነበር የምትጠብቀው?»

አፈረ። ዋሽቷቸው ግን አያውቅም።

«እስኪስቁ ነበር የምጠብቀው» አላቸው።

ዶክተር ሰገነት በርጥቡ ነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ባፈናም አጠገባቸው ቁጭ አለ፤ ይሄ ልቅሶ የእውነት መሆኑን ለማመን ግን ጊዜ ወሰደበት።