ከጣሪያው በላይ ያለ ከዘራ

ቤዝ ጊታር ተጫዋች በባንድ ውስጥ እንደ ቤት መሠረት ነው ይላሉ። ማሞገሳቸው ነው። መሠረትን ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ግድግዳው የተሰነጠቀ ዕለት ብቻ ነው ሁሉም ጎንበስ ብሎ ጣቱን የሚቀስርበት።

ማልኮም ኦግደን ይህን እውነት ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ተሸክሞታል። አምፕሊፋየሩ አርባ ኪሎ ነው፤ እውነቱ ትንሽ ይከብዳል።

በዚያ የጥር እሁድ ሁለቱንም ይዞ በ«ሰማያዊው በግ» መጠጥ ቤት የጓሮ በር ሲገባ ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሰማዩ ግን ከእንግሊዟ የበርንሊ ከተማ በላይ ባሉት ኮረብቶች ላይ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ወድቆ፣ የመኪኖች መብራት ከአሁኑ በርቷል። ውስጥ ሰፈርተኛው የእሁድ ጥብሱን ጨርሶ፣ መረቁ አገጩ ላይ ሳይደርቅ፣ ሙዚቃውን ይጠብቃል።

«እግርህን ጥረግ፣ የኔ አበባ!» አለችው የቤቱ ባለቤት ግሌኒስ፣ ባዶ ሳህኖች እስከ ክርኗ ደርድራ እያለፈች። «ደግሞ ዛሬ አደራ፤ አባዬ ደረቱ ብሶበታል። ከኅዳር ወዲህ ከፎቅ አልወረደም እኮ። ማሽን አምጥተውለታል፣ ትንፋሽ የሚሰጠው እሱ ነው። ጩኸት ሲበዛበት ግን ያው ታውቀዋለህ…»

«በከዘራው ወለሉን ይደበድባል።»

«ሦስቴ ከመታ ቀንሱ። ምንም እንዳትሉት። አርባ ዓመት ይህን ቤት የያዘው እሱ ነው።»

«እሺ፣ ግሌኒስ፣ እሺ» አላት። የሰማው ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ ልቡ ግድግዳው ላይ ነበር።

ግድግዳው ላይ ዳኛዋ አለች። ሙዚቀኞቹ ናቸው ይህን ስም ያወጡላት። የጫማ ካርቶን የምታህል፣ ሦስት መብራት ያላት ሣጥን ናት፤ ጎረቤት ከስሶ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ያስተከላት። የሙዚቃው ድምፅ ልክ ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲያይል ብርቱካንማ ታበራለች። ካለፈ ቀይ ትለብስና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የመድረኩን ኤሌክትሪክ በሙሉ ቀጥ ታደርገዋለች። ይግባኝ የለም። ዘፋኙ እንደ ዓሣ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ባለፈው ወር ሁለቴ ቀጥ አድርጋቸዋለች፤ ሁለቴም ዘፋኙ ዳሪል መጀመሪያ ያየው ዳኛዋን ሳይሆን ማልኮምን ነበር።

ዛሬ ዳሪል ከጊታሩ ሌላ አንድ ነገር ይዟል። ላፕቶፕ።

«ምንድነው እሱ?» አለ ማልኮም።

«ቤዝ ነዋ። ሁሉም ዘፈን ውስጡ ተቀድቷል። ወገቡን አያመውም፣ አይሰክርም፣ ሽንት ቤት አይሄድም። ስማ ማል፣ እንደ ወንድም ልንገርህ። ዛሬ በአንተ ቡም ቡም የተነሳ ዳኛዋ አንዴ ከቆረጠችብን፣ በሚቀጥለው እሁድ እዚህ ቦታ ላይ የሚቆመው ይሄ ነው።»

«ቫን አለው ወይ፣ ላፕቶፑ?» አለ ከበሮ መቺው ኔቪል፣ ጸናጽሉን እያጠበቀ።

ቤዝ ተጫዋች ከባንድ የማይባረርበት ትክክለኛ ምክንያት ይህ ነው፤ የባንዱን ዕቃ የሚጭነው ቫን የእሱ ነው። ማልኮም ለኔቪል ጥቅሻ ሊሰጠው ዞር አለ።

«አማቼ ቫን ገዝቷል» አለ ዳሪል።

ማልኮም ጥቅሻውን ዋጠው። ስድስት ቀን በመጋዘን ቆሞ ካርቶን ላይ ወረቀት የሚለጥፍ ሰው ነው፤ ማልኮም የሚሆነው እሁድ፣ ከቀትር በኋላ፣ ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ማልኮም ማንም ሊሆን ይችላል።

ሙዚቀኛ ግን ብልሃት አያጣም፤ ያውም የቆየ ብልሃት። ዳኛዋ የምትገዛው የመድረኩን ሶኬቶች ብቻ ነው። ረጅም ገመድ ያለው ሰው ኤሌክትሪኩን ከሌላ ክፍል ጎትቶ ያመጣል፤ እሷ ቀይ ለብሳ ብትፈርድ ብትፈርድ የሱ አምፕሊፋየር ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ሌላው ሁሉ ቀጥ ሲል ቤዙ ዘፈኑን ይዞ ይቀጥላል፤ ላፕቶፕ ይህን አይችልም። በዚህ አገር መጠጥ ቤቶች የሚጫወት ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁሉም ደግሞ «እኔ እንኳን አድርጌው አላውቅም» ይላል።

ማልኮም ብርቱካንማውን ማራዘሚያ ገመድ ከቫኑ አምጥቶ ሶኬት ፍለጋ ወጣ። መድረኩ የሽንት ቤቱ በር አጠገብ ነው፤ እዚያው ኮሪደር ላይ አንድ ሶኬት አለ፣ ግን የቁማር ማሽኑ ተሰክቶበታል። እሱ ቢነቀል በአንድ ደቂቃ ውስጥ አብዮት ይነሳል። ሌላው የቢራ ማቀዝቀዣው ነው፤ እሱ ከተነቀለማ ወደ ጦርነት እንገባለን። ስለዚህ ደረጃውን ወጣ፤ አሥራ አራት ደረጃ፣ ምንጣፉ ያለቀ።

ላይ፣ ከደረጃው ጫፍ፣ አምፖሉ የተቃጠለበት ጠባብ መተላለፊያ ነበር። አንድ የተዘጋ በር። ከበሩ አጠገብ አንድ አሮጌ ሶኬት። ሶኬቱ ላይ ነጭ ስፒና ተሰክቷል፤ ነጩ ሽቦ መሬት ለመሬት ሄዶ በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ይገባል። ከውስጥ ደግሞ ዝቅ ያለ እምምታ ይሰማል፤ ማቀዝቀዣ የመሰለ፣ የተኛ ድመት የመሰለ።

ምድጃ ይሆናል ብሎ አሰበ። ወይ ብርድ ልብሱን የሚያሞቀው ነገር። ቤቱ ደግሞ ሞቋል፤ ለአንድ ሰዓት ቢጠፋ ማን ይሞታል?

ከታች ዳሪል «ማል! አምስት ደቂቃ!» ብሎ ጮኸ።

ስፒናው እምቢ አለ። ማልኮም በሁለት እጁ ይዞ ጎተተው፤ የሶኬቱ ሳህን ከነብሎኑ ከግድግዳው ተላቆ ተንጠለጠለ፤ ስፒናውም ወጣ። ሳህኑን በመዳፉ መልሶ ገፋው፣ የራሱን ሰካ። እምምታው እየከሰመ ሄዶ ቆመ፤ እሱ ግን ያኔ ደረጃውን ግማሽ ወርዶ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች ማልኮም ከዓመታት ወዲህ ተጫውቶ በማያውቀው ስሜት ተጫወታቸው። ዳኛዋ ብርቱካንማ ሆነች፤ ግድ አልሰጠውም። ቤዙ ከወለሉ ተነስቶ በእግሩ፣ በጉልበቱ፣ በሆዱ ወጣ። ሽንት ቤት የሚሄዱት ሰዎች እንደ ልማዳቸው በእሱና በከበሮው መሃል እየተሽሎከለኩ አለፉ፤ አንዱም «ይቅርታ» አላለውም፤ ዛሬ እሱም እንኳ አላስከፋውም።

ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ ከጣሪያው የግሌኒስ አባት የሲሪል ከዘራ ድምፅ መጣ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ዳሪል ዓይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋ። «ሲሪል ሰላም ብሏችኋል!»

ቤቱ ሳቀ።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አሁን ፈጠን ብሎ።

«ትንሽ እንቀንስ ይሆን?» አለ ማልኮም።

«ማንን ፈርተን? ዳኛዋ አልከለከለችም!» አለ ዳሪል።

ኔቪል መቼም ምት ሲሰማ ዱላው ዝም አይልም። ሦስቱን ኳታ ተቀብሎ በትልቁ ከበሮ መለሰው። የባንኮኒው ሰዎች ጠረጴዛ እየደበደቡ ተቀበሉት። ከላይ ኳ ኳ ኳ፤ ከታች ስድሳ ሰው፣ መቶ ሃያ ጫማ፣ ድም ድም ድም። አንዲት ሴትዮ ወንበር ላይ ወጥታ ወደ ጣሪያው «ጎበዝ፣ ሲሪል! አንተም አለህ እንዴ!» እያለች ጮኸች። ከላይ መልስ ሲመጣ ቤቱ በጩኸት ይፈነዳል፤ ሳይመጣ ሲዘገይ ደግሞ እንዲመጣ በእግሩ ይለምናል።

ከዚያ ሁለት ብቻ መጣ። ኳ፣ ኳ።

ከዚያ ረጅም ጊዜ ቆይቶ አንድ።

ከዚያ ቀረ።

«ተኛ!» አለ ዳሪል። «እሹሩሩ ብለን አስተኛነው!» ጭብጨባው ቀለጠ።

ጭብጨባው ሲበርድ፣ በሁለት ዘፈን መሃል ባለችው ትንሽ ዝምታ፣ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ጢጢጢጢጢ። የማያቋርጥ።

«ማል፣ ያንተ ዕቃ ነው የሚያለቅሰው» አለ ዳሪል። «አጥፋው እስቲ።»

ማልኮም አምፕሊፋየሩን አጠፋው። ጢጢጢጢጢ።

«የኔ የጆሮ መሣሪያ መስሎኝ» አለ ኔቪል ጆሮውን እየነካ። «አይደለም። ከላይ ነው።»

ማልኮም ወደ ጣሪያው አየ። ነጩ ሽቦ ትዝ አለው፤ መሬት ለመሬት ሄዶ በበሩ ሥር የገባው። ቀጥሎ የግሌኒስ ድምፅ መጣበት፤ ያልሰማው ግማሽ። *ትንፋሽ የሚሰጠው እሱ ነው።*

ቤዙን ከአንገቱ አወጣ። ዳሪል «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት!» ብሎ ጀምሮ ነበር። ማልኮም ከመድረኩ ሲወርድ አይቶ ወደ ማይክሮፎኑ፣ «አያችሁት! ላፕቶፕ ሽንት ቤት አይሄድም አላልኩም?» አለ። ማልኮምን ሳቅ ሸኘው።

አሥራ አራቱን ደረጃ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ጢጢታው በየደረጃው እየሰላ መጣ። በጨለማው ተንበርክኮ የራሱን ነቀለ፣ ነጩን ሰካ። እምም። ጢጢታው ቆመ። እጁን ሲያነሳ የላላው ሳህን በታችኛው ቤት ጭፈራ ተንቀጥቅጦ ተንጋደደ፤ እምምታው ጠፋ፤ ጢጢታው ተመለሰ። እንደገና በመዳፉ ገፋው። እምም። ለቀቀው። ጢጢ።

ስለዚህ አለቀቀውም። አንድ እጁን ሶኬቱ ላይ እንደጫነ ተዘርግቶ በሩን በእግሩ ገፋው።

ሲሪል አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ነበር፤ ጀርባው አልጋው ላይ ተደግፎ፣ ቀጭኗ ቱቦ አፍንጫው ላይ እንዳለች። ከንፈሩ ጠቁሮ የበሰለ ዶቅማ መስሏል። ከዘራው ከእጁ ወድቆ ወደ በሩ ተንከባሏል። ዓይኑ ክፍት ነው። ማልኮምን አየ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ መተላለፊያው ላይ የተጋደመውን ብርቱካንማ ገመድ አየ። አርባ ዓመት መጠጥ ቤት የያዘ ሰው ነው። ያ ገመድ ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልግም።

«ይተንፍሱ፣ ሲሪል። ይተንፍሱ፣ መጥቷል፣ ተመልሷል። ግሌኒስ! ግሌኒስ!»

ከታች ዳሪል ሲዘፍን፣ ሕዝቡ አብሮ ሲያዜም ይሰማል። ቤዝ የለም። ማንም አላወቀም። ስልኩ ደግሞ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ጃኬቱ ከመድረኩ ኋላ።

በእግሩ ከዘራውን ወደ ራሱ ሳበ። በግራ እጁ አንስቶ ወለሉን መታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ከታች ስድሳ ሰው በደስታ መለሰለት። ድም ድም ድም!

«ተነሳ!» አለ ዳሪል በማይክሮፎኑ። «ሲሪል ተነሳ!»

ማልኮም ከዘራውን ከፍ አድርጎ አነሳ። በኃይል መታ፤ በኃይል መለሱለት። እጁ እንደለመደው ምት ጠብቆ ደጋግሞ መታ፤ እየሳቁ ደጋግመው መለሱለት። የሲሪል ደረት ከፍ አለ፣ ቆየ፣ ዝቅ አለ። ለሚቀጥለው የሚበቃ አቅም ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። ማልኮም ላብና እንባ አንድ ላይ ሆነውበት መምታቱን ቀጠለ።

እግር በደረጃው ላይ ሮጠ። ግሌኒስ ናት፤ ኩሽና ሳህን ስታጥብ ቆይታ ገና መውጣቷ ነበር።

«ማን ነው የሚመታው?» አለች ገና ሳትደርስ። «አባዬ በዕድሜው ምት ጠብቆ አያውቅም…»

በሩ ላይ ስትደርስ ቃሏ ተቆረጠ። ወደ ውስጥ ዘላ አባቷን አቀፈች፤ በአንድ እጇ ከሽርጧ ስልኳን አወጣች። አድራሻውን ጮኻ ተናገረች፣ ደግማ ጮኸች፤ ከታች ያለው ዘፈን የመጨረሻውን አዝማች ይዞ ቤቱን ያናውጠዋል። አምቡላንሱ ከኮረብታው ማዶ ተነስቷል አሏት። ወደ ማልኮም ዞረች።

«ሶኬቱ ምን ሆኖ ነው? ማን ነካው?»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ማልኮም ግን ሲነዳ መጠጥ አይነካም፤ ከሆዱ የሚያወጣለት ብቅል አልነበረም። «ላልቶ ነው ያገኘሁት» ማለት ይችል ነበር። ውሸትም አይደለም፤ አሁን ላልቷል። እንዲያውም ደርሶ ያዳነ ሰው ይሆናል። የሲሪልን ዓይን አየ። ሲሪል ዓይኑን አልነቀለም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ!»

«አልሰማህም፣ ማል! ምን?»

ታች ዳሪል የመጨረሻውን ኖታ ጎተተ፣ ኔቪል ጸናጽሎቹን በሙሉ ለቀቃቸው፣ ስድሳው ሰው ጮኸ፤ ያለ አንድ ጠብታ ቤዝ ዳኛዋ ቀይ ለበሰች። ማልኮም ይህን አላየም። እሱ ሳንባውን ሞልቶ ነበር።

የመድረኩ ኤሌክትሪክ ቀጥ አለ።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት! ማሽኑን የነቀልኩት እኔ ነኝ!»

ቃሉ በአሥራ አራቱ ደረጃ ወርዶ በባንኮኒው፣ በጠረጴዛዎቹ፣ በተከፈቱት አፎች ላይ አረፈ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሰው ሁሉ ማልኮም ኦግደንን የሰማው ያን ጊዜ ነው። አንድ ብርጭቆ ተቀመጠ። አንድ ወንበር ወለሉን ፋቀ። ከዚያ ከደረጃው ሥር እግሮች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ፤ ሳይሮጡ፣ ብዙ ሆነው።

ግሌኒስ የአባቷን ራስ ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን የማልኮም እጅ ላይ ተክላ፣ «እንዳትለቅ» አለችው ብቻ።

አልለቀቀም። ማሽኑ እምምታውን ቀጠለ፤ ሲሪል ተነፈሰ፤ ማልኮም እስከሚቀጥለው ትንፋሽ ድረስ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።