የሚስተር ሞሪታ ካሜራና የአብዱሽኩር ደጃፍ

አብዱሽኩር ልጁን ሩሚሳእን ሊድር ሲሰናዳ፣ እናቱ እማማ ዓቢዳ ከደሴ ቃል ላኩበት፦ ሠርጉን በቪዲዮ ካላዩ አይመርቁም። ዓረብ አገር ያለ ሰው ልጁን ያለ እድምተኛ፣ ተደብቆ ይድራል ሲባል ሰምተዋል።

ጊዜው የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። አብዱሽኩር የሚኖርባት የሳዑዲዋ ደማም የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ አይጠፋባትም፤ እሱ ግን ትልቅ ባለሙያ ፈለገ። ጎረቤት ከተማ ኹበር፣ ሾፌር ሆኖ በሚሠራበት ኩባንያ ሚስተር ሞሪታ የሚባል ጃፓናዊ አለ፤ በአገሩ የቪዲዮ ጥበበኛ ነው። በወጣትነቱ ሩዝ ሲበስል ከጥሬው እስከ እርሩ ቀርጾ ኦሳካን አስጨብጭቧል፤ ቀጥሎ አባቱ ተኝተው ሲያንኮራፉ ቀርጾ ተሸልሟል። ጭብጨባ የቤት ኪራይ አይሆንምና፣ ሃምሳን ሲያልፍ ኹበር መጥቶ ሠራተኛ ከመሰላል እንዳይወድቅ የሚያስተምር ፊልም ይሠራል።

አብዱሽኩር የሩዙን ነገር ሲሰማ መጠንቀቅ ነበረበት። እሱ የሰማው «ተሸልሟል» የምትለዋን ብቻ ነው።

አንድ ነገር አደራ አለው፤ የሰው ፊት እንዳይቀርጽ። ሴቶቹ ለክብራቸው አይፈልጉም፤ ከወንዶቹም ኢቃማ የሌለው፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የሚኖረው ብዙ ነው። ኬኩንና ጌጡን ይቀርጽልኛል ብሎ ነበር። ሞሪታ ጎንበስ ብሎ አደራውን ተቀበለ።

በሠርጉ ዕለት አል ጀለዊያ ሰፈር ያለው የአብዱሽኩር ቤት በሰው ተጨናነቀ። ሞሪታ ካሜራውን በሩ ሥር መሬት ላይ አኑሮ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ምግብ ቢሉት ንቅንቅ የለም። ሰዉም መብራት እየለካ ነው ብሎ ተወው።

ካሴቱ ሲከፈት ጫማ ብቻ ነው። እድምተኛ ሲገባ የሚያወልቀው ጫማ ሲከመር፣ ሲረጋገጥ፣ በመጨረሻም እየተለቀመ ሲሄድ። ሙሽራ የለ፣ ሙሽሪት የለች። አብዱሽኩር ራሱን ያዘ። ሚስቱ ሽኩሪያ ግን ከባዶ እጅ ጫማም ይሻላል ብላ ወደ አገር ለሚገባ መንገደኛ ሰጠችው።

ከወር በኋላ እናቱ ደወሉ። ሰበቡን ሊደረድር ሲል ቀደሙት።

«ፊትማ ለሁሉም ይስቃል። ወዳጅ የሚታወቀው በእግሩ ሲመጣ ነው። ጫማው ደጅህን ዘጋው እኮ፤ ሰው አለህ። መርቄያቸዋለሁ።»

አብዱሽኩር እፎይ አለ።

«ግን አብዱ፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ ብቻውን የቀረው፣ ያ ተረከዙ ያለቀው ጫማ የማነው?»

አብዱሽኩር ስልኩን እንደያዘ እግሩን ወንበር ሥር ደበቀ።

ሞሪታ ቅጂውን ኦሳካ ወስዶ አሳየ። ሊቃውንቱ፣ ብቻውን የቀረው ጫማ የዘመኑን ሰው ብቸኝነት ያሳያል ብለው ጻፉለት አሉ። እማማ ዓቢዳ ሌላ ነገር ነው ያዩት። ልጅ ከዓረብ አገር ለእናቱ ጫማ በሚልክበት ዘመን፣ እሳቸው ከደሴ ገበያ ጥቁር ጫማ ገዝተው ለልጃቸው ላኩለት።

አብዱሽኩር አሁንም ሠርግ ሲጠራ ያንኑ እናቱ የላኩለትን ጫማ ነው የሚያደርገው። በር ላይ ሲያወልቅ ግን መጀመሪያ ግራ ቀኙን ያያል፤ ካሜራ እንዳይኖር።