ክዳን፣ ቂጥና ዙሪያ

ሚጢ እናቷ ዘንድ መኖር ከጀመረች ወዲህ ለአባቷ የምትደውለው የሒሳብ የቤት ሥራ ሲከብዳት ብቻ ነው። እናቷ ከቁጥር ጋር ዓይንና ናጫ ናት። ቀለም ቀቢው አባት በበኩሉ በተማሪነቱ የወደደው ትምህርት ሒሳብ ብቻ ነበር። ከሥራ ሲገባ የእጁን ቀለም እንኳ ሳያስለቅቅ ስልኩን ኔትወርክ በሚይዝበት መስኮት ላይ አስቀምጦ ጥሪዋን ይጠብቃል።

ሰሞኑን የያዙት የሲሊንደርን የገጽታ ስፋት ነው። እሷ ባታየውም፣ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ጭኑ ላይ እያገላበጠ ያስረዳታል። መጀመሪያ ክዳኑ፦ ፓይ አር ስኩዌር። ከዚያ ቂጡ፦ እንደገና ፓይ አር ስኩዌር። በመጨረሻ ዙሪያው ተቀዶ ሲዘረጋ የሚወጣው አራት ማዕዘን፦ ሁለት ፓይ አር ኤች። አጭሩን መንገድ ያውቀዋል። ግን እሱን ካሳያት ወሬውም አብሮ ያጥራል ብሎ ሳይነግራት ቆየ።

ዛሬ ስትደውል ሰላምታም አላስቀደመች።

"አባዬ፣ ግማሽ ነው የሰጠኝ! 'ልክ ነው፣ ግን አላለቀም' አለኝ መምህሩ። ነገ ደግሞ ፈተና ነው።"

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?"

"አንተ እንዳልከኝ ነዋ! ክዳን፣ ቂጥ፣ ዙሪያ። ቆርቆሮ ልትቀባ ነው ወይስ ልታስተምረኝ?"

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቆርቆሮውን ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

"በይ ጻፊ የኔ እናት። ክዳኑና ቂጡ እኩል አይደሉ? ደምሪያቸው።"

"ሁለት ፓይ አር ስኩዌር።"

"ዙሪያውስ?"

"ሁለት ፓይ አር ኤች።"

"ሁለቱም ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

እርሳሷ ወረቀቱን ሲጭር ይሰማዋል። ሊነግራት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

"ሁለት ፓይ አር! እሱን ላውጣው... በቅንፍ አር ሲደመር ኤች። በቃ?"

"በቃ።"

"ይቺው ናት እንዴ? ታዲያ እስከዛሬ ለምን አንዛዛነው?"

"እኔ ነኝ ያንዛዛሁት።"

"ለምን?"

"እንዲሁ... ጨዋታሽ ጥሞኝ።"

"አንተ ደግሞ!" አለች። ከኋላዋ እናቷ ለራት ስትጠራት ተሰማ። "በቃ ገብቶኛል፣ የቀሩትን ራሴ እሠራቸዋለሁ። ቻው አባዬ።"

ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆየ። ከዚያ ያለችውን ወረቀት ላይ አስፍሮ ስህተት ፈለገበት፤ አንዲት ቢያገኝ መልሶ ለመደወል ሰበብ ትሆነው ነበር። ቅንፉ ተከፍቷል፣ ተዘግቷል። ሁለት ፓይ አሩን መልሶ ቅንፉ ውስጥ ቢያስገባውም ያው ልክ ሆነ።

"አንድም ስህተት የለብሽም" ብሎ መልእክት ላከላት።