በአንድ ጠብታ የኅዳር ውሃ

ሐይቃችን በዓመት አንዴ ይገለበጣል ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። በዓሣ ጥናት ጣቢያው ውሃ እየቀዳሁ በማይክሮስኮፕ የማየው እኔ ፅጌ ነኝ። በክረምት አንዷ ጠብታ ውስጥ የተበጣጠሰ ክር የመሰለ አረንጓዴ ነገር ብቻ ይንሳፈፋል። ብርዳሙ የኅዳር ነፋስ ሲነሳ ግን የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይሰምጣል፣ የታችኛው ይወጣል። ያኔ አረንጓዴው ይበዛል፤ እሱን ሊበሉ ደግሞ ባለ ቀንድ፣ ባለ አንድ ዓይን፣ እንቁላላቸውን በሁለት ከረጢት ያንጠለጠሉ ደቂቅ ፍጥረታት ይርመሰመሳሉ። ስንት ዓመት ባያቸውም እጅ በአፍ ያስጭኑኛል።

በደርግ ጊዜ አንድ ኅዳር የታችኛው ውሃ አየር ሳይኖረው ወጣና ዓሣው ታፍኖ አለቀ። አሞራ ገደል የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በሞተ የቆሮሶ ዓሣ ነጣ። ቀበሌው ነፋስን ማሰር አይችልም፤ ወንድሜን ሽበሺን አሰረ። ሽበሺ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቤቱ ሲፈተሽ የተወቀጠ ብርብራ፣ ያ ዓሣ የሚያሰክረው ፍሬ፣ ተገኘበት። «ሕዝቡን ሊያስርብ ሐይቁን መረዘ» ተባለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ የተወሰደ ሰው አይመለስም።

የቀበሌውን ሊቀመንበር ጓድ ወንድሙን ሄጄ ለመንኩት። «ሐይቁ ቢመረዝ ከዓሣው እኩል የሚሞቱ ደቂቅ ፍጥረታት አሉ። መጥተው ይዩዋቸው፤ በሕይወት ናቸው» አልኩት። ሊያሾፍብኝ ይመስለኛል፣ መጣ። ብርብራውንም በጋዜጣ ጠቅልሎ ለማስረጃ ይዞታል።

መብራት ስላልነበረ ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ በመስተዋቱ የፀሐይ ብርሃን ሳብኩለት።

«ጥቁር ሣር ነው» አለ።

«የራስዎ ሽፋሽፍት ነው፣ ጓድ። ትንሽ ራቅ ይበሉ።»

ራቅ ብሎ አየ።

«ይቺ ልጆቿን አዝላለች እንዴ?»

«እንቁላሎቿ ናቸው።»

«ይሄ ሁሉ በአንድ ጠብታ?»

«በአንድ ጠብታ።»

ቀና ብሎ በመስኮቱ ሐይቁን ዳር እስከ ዳር አየው። ከዚያ ጠረጠረ፤ መጠርጠር ሥራው ነው። «ብርብራ እነዚህን እንደሚገድል በምን አውቃለሁ?»

«ይሞክሩት» አልኩት። ከዱቄቱ በውሃ በጥብጬ ሰጠሁት፤ በገዛ እጁ ጠብ አደረገበት። ወንድሜ እዚያች ጠብታ ውስጥ ነበር።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን እንደ ተከለ ብዙ ቆየ።

«መቼ ነው የሚነሱት?» አለኝ።

«አይነሱም፣ ጓድ።»

አሁንም ከማይክሮስኮፑ አልራቀም። ስንት እናት «ልጄ መቼ ይመለሳል?» ስትለው ፊቱን ሳያዞር የሚያልፍ ሰው፣ በጠብታ ውሃ ውስጥ የሞተ እስኪነቃ ይጠብቃል። ፈራሁት፤ አዘንኩለትም።

«ሌላ ጠብታ አምጪ» አለ በመጨረሻ። «እኔ ያልነካሁትን።»

አመጣሁለት። ሲርመሰመሱ እስኪበቃው አያቸው።

ሽበሺ በማግስቱ ተፈታ። ክሱ የት ገባ ብዬ አልጠየቅኩም።

በልግ ሲገባ ጓድ ወንድሙ ሽጉጡን ሳይታጠቅ ብቻውን መጣ። ጠብታ አዘጋጀሁለት። ጥቂት አይቶ፣ «ባለ ከረጢቶቹ የት ሄዱ?» አለ።

«ወቅታቸው አለፈ። ኅዳር ሲመጣ ይመለሳሉ።»

ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እነሱስ ይመለሳሉ» አለ።