የአለቃ ቀጠሮ

የልብስ ሰፊዋ ስልክ መቀሱ አጠገብ ነዘረ። የስፌት መኪናዋን አቁማ መልእክቱን አነበበችና ፊቷ ለአፍታ ፈካ።

«ከሐኪም ቤት አለቃን እየጠሩት ነው» አለች። «የክትትል ቀጠሮው ደርሷል ይላሉ።»

ወንድሟ በርጩማው ላይ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ተቀምጧል።

አለቃ የበኩር ልጇ ነበር። በወጉ ሳይራመድ ቤተሰቡን በጣቱ ያዝዝ ስለነበር ስሙን ጎረቤት ነው ያወጣለት። ወባ ያዘው፤ ከሐኪም ቤት የተሰጠውን መድኃኒት በዋጠ በማግስቱ ሽንቱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ እቅፏ ውስጥ አለፈ። ለሐኪም ቤቱ የነገረ የለም። እዚያ ፋይል ውስጥ አለቃ ዛሬም እያደገ ነው።

ወንድሟ ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። አሁን ሥራው የዘመዳሞችን ፋይል ማስተሳሰር ነው፤ በአንዱ ላይ የታየ በዘር የሚወርድ አደጋ በሌላው ፋይል ላይ በቀይ እንዲወጣ።

«እትዬ፣ ያ መድኃኒት ታናሹን ማሙሽንም ሊጎዳው ይችላል፤ በዘር የሚወርድ ነገር ነው። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ እዚህ የለም። ሐኪሙን የሚያስጠነቅቀው የአለቃ ሞት በፋይሉ ላይ ሲጻፍ ብቻ ነው።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።» ጨርቁን አዞረችው። «በዘር አልክ። ከእኔ ነው?»

ዋሽቶ ሊያሳርፋት ፈለገ። የተማረው ነገር መቼ ለሰው እንደሚጠቅም፣ መቼ ሰው እንደሚያቆስል ዛሬም አልለየለትም።

«ሳይሆን አይቀርም። ግን ጥፋት አይደለም።»

«እሺ፣ በማሙሽ ላይ ጻፈው። አለቃን ምን አስነካህ?»

«አለቃ በሕይወት አለ ካልን፣ ምንም አልደረሰበትም ማለት ነው እኮ። ከምን እንጠንቀቅ ይሉኛል።»

ማሙሽ ከመጋረጃው ጀርባ አለቀሰ። አንስታ አቀፈችው፤ እጇ እንደ ልማዷ ግንባሩ ላይ ሄደ። ትኩሳት የለውም። እጇን ግን አላነሳችም።

«እኔ አንዴ ቀብሬዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «አንተ አልነበርክም። የዛሬው ያንተ ነው፣ ፈረንጁ።»

ፋይሉን ከፈተ። «ሞቷል» የሚለውን መረጠ። ኮምፒውተሩ ቀኑን ጠየቀው፤ ጣቶቹ ቆሙ። አያውቀውም።

«እትዬ...»

አየችው። ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ ነገረችው፤ ለሕፃን ቁጥር እንደሚያስቆጥር ሰው። የሞቱን ምክንያት ጻፈና አጸደቀው። የማሙሽን ፋይል ሲከፍት ቀዩ መስመር ወጥቷል፤ «ወንድሙ በዚህ መድኃኒት ሞቷል» ይላል።

«ከእንግዲህ አይጠሩትም?»

«አይጠሩትም።»

ስልኳን ልታስቀምጠው አልቻለችም፤ የመጨረሻውን መልእክት ደግማ አነበበች። ከዚያ ማሙሽን ወንድሟ ጭን ላይ አስቀመጠችውና መኪናዋን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ክሩ አልቋል፤ መርፌው ጨርቁን እንዲሁ ይወጋል። ወንድሟ አይቷል፤ አልነገራትም።