የጭራ ቢሶቹ ቀለብ

ደብሪቱ ያየችውን ማመን አቃታት። ጎንበስ ብላ በሽቦው መሃል ደግማ አየች። ነጩ ጭራ ቢስ አንገቱን ወደ ሆዱ ቆልምሞ፣ ከገዛ መቀመጫው አንዲት እርጥብ በጠጥ በአፉ ተቀበለና ዓይኑን ጨፈን አድርጎ እንደ ቆሎ አኘካት። ደብሪቱ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣችና ሦስት ጊዜ ተፋች። ፍልሰታ ከገባ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ከቅዳሴ መመለሷ ስለሆነ ገና ውሃ እንኳ ባፏ አልዞረም።

«አንተ ገመዳ» አለችው፣ በር ላይ ተቀምጦ ካልሲውን የሚጥፈውን ዘበኛ። «እነዚህ ነገሮች የራሳቸውን በጠጥ ይበላሉ።»

«አይጥ ናቸው፤ ምን ይብሉ ኖሯል?»

«አይጥ እንኳ የሰው ጤፍ ነው የሚበላው።»

ቤቱ ሲኤምሲ ካሉት ቪላዎች አንዱ ነው። ባለቤቶቹ አቶ ኦላናና ወይዘሮ ናኦሚ የወለጋ ሰዎች ናቸው፣ ጴንጤዎች፤ ደብሪቱ ወጥ ቤታቸው ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው። ጭራ ቢሶቹን ያመጣባቸው ጎረቤት የነበረ ፈረንጅ ነው፤ አገሩ ሊገባ ሲል ለልጃቸው ለሚርያም ሰጣት። ልጅቷ ጊኒ ፒግ ትላቸዋለች። ቡናማውን ቺኩ፣ ነጩን ጆጆ ብላ ስም አውጥታላቸዋለች። ደብሪቱ ለአይጥ ስም አታወጣም። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሲያኝኩ፣ ሲሸኑ፣ ሲጮኹ በአጠገባቸው ትንፋሿን ይዛ ነው የምታልፈው።

የአቶ ኦላና እናት ነቀምቴ ታመው ቤተሰቡ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ሊሄድ ሲነሣ ነው ጣጣው የመጣው። የዘጠኝ ዓመቷ ሚርያም የመኪናውን በር ይዛ ቆመች።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እንደማይሞቱ ካልማልሽልኝ አልሄድም።»

«አይሞቱም። ግቢ።»

«ማለት ሌላ፣ መማል ሌላ።»

«ማርያምን። ስትመለሺ በሕይወት ታገኚያቸዋለሽ።»

አባትና እናት ተያዩ። በዚያ ቤት ቅዱሳንን ጠርቶ አይማልም። ለደብሪቱ ግን ከአፏ ወጣ፤ ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በማርያም ስም፣ ስሟም ሚርያም ለሆነች ልጅ። በዕድሜዋ ምላ የሻረችው ነገር የለም። «እጄ ግን አይነካቸውም» ብላ ጨመረች። «በዚህ እጄ ሊጥ አቦካበታለሁ።»

ልጅቷ ደብሪቱ ፊደል ላይ ብዙም እንደማትገፋ ታውቃለች። ስለዚህ የሚበሉትን ሁሉ በቀለም እርሳስ ሥላ ፍሪጁ ላይ ለጥፋላት ነበር፦ ሣር፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ብርቱካን። ሥዕል ግን ጥሬ ነው ወይም ብስል ነው አይልም። ከደብሪቱ እጅ ደግሞ ጥሬ አትክልት ወጥቶ አያውቅም። እዚህ ከመግባቷ በፊት ሃያ ሁለት ማዞሪያ አንድ ሆቴል ነበር የምታበስለው፤ ጎመኑ በምን ዓይነት የወንዝ ውሃ ጠጥቶ እንደሚያድግ በዓይኗ አይታለች። ካየች ወዲህ እሳት ያልነካው ቅጠል ወደ አፏ አታስገባም።

እናም ጎመኑን ቀቀለችው። ካሮቱን ቀቅላ ፈጨችው። ሣሩን ውሻ ሸንቶበት ይሆናል ብላ የፈላ ውሃ አወረደችበት። ቃሪያውን ተወችው፤ አይጥም ቢሆን አፉን ማቃጠል ግፍ ነው። ብርቱካኑንም ተወችው፤ ለአይጥ ብርቱካን ስትልጥ ጎረቤት ቢያያት ምን ትላለች?

በጠጡን ሲበሉ ካየች በኋላ ደግሞ ነገሩን አጠበቀችው። ራባቸው ማለት ነው ብላ ፉርሽካና የራሰ ዳቦ ጨመረችላቸው። ከሥራቸውም የሽቦ ወንፊት አነጠፈች፤ በጠጡ አንዴ ከወደቀ በሽቦው ሾልኮ ወደ ታች ነው፣ አፋቸው አይደርስበትም። እሱንም ጠዋትና ማታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ በረጅም መጥረጊያ ትጠርገዋለች። እሷ ባለችበት ቤት ቆሻሻ የሚበላ ፍጥረት አይኖርም።

«ከእኔ ይሻላሉ» አለ ገመዳ የካሮቱን ሳህን አይቶ። «እኔም ጭራዬን ልቁረጥና ልግባ?»

«አንተ ከገባህ ሽቦው አይችልህም።»

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ቤተሰቡ ሊመለስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ነጩ አልነሣ አለ። ፀጉሩ ቆሟል፤ የኋላ እግሩን እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጎትታል። አፉ ጥግ ላይ ምራቅ የቀላቀለ ደም አለ። ሽታው ደብሪቱን ከበሩ ላይ ተቀበላት።

«ልቅበረው?» አለ ገመዳ አካፋውን ተደግፎ።

«ማርያምን ብዬ ምዬበታለሁ።»

«እንግዲያው ለማርያም ንገሪያት። እኔ አልነካውም፣ ካሁን በፊትም አልነካሁት።» አለና አካፋውን አስቀምጦ፣ ጉርድ ሾላ የጎረቤትን ውሻ ያዳነ የከብት ሐኪም እንዳለ ነገራት።

ደብሪቱ ነጩን በመጥረጊያ እየገፋች ዘንቢል ውስጥ አስገባችው። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ ሙቀቱ በቀሚሷ ዘለቀ፣ ጭኗን ወረራት። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ዘንቢሉን አየችው።

«ዶሮ ነው?»

«አይደለም።»

«ጥንቸል?»

«ጥንቸል ቢሆንማ ምን ነበረበት።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የሰው አደራ።»

ሴትዮዋ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያ «ወራጅ አለ» ብላ መሃል መንገድ ላይ ወረደች።

ሐኪሙ ዶክተር ሽፈራው ጓንት እንኳ ሳያደርግ ጣቱን የእንስሳው አፍ ውስጥ ከተተ። ደብሪቱ ግድግዳውን አየች።

«ምን ያበሉታል እናቴ?»

«ሰው የሚበላውን። የተቀቀለ ጎመን፣ ካሮት፣ ዳቦ።»

«ጥሬ ነገርስ?»

«እኔ ቤት ጥሬ ነገር ማንም አይበላም።»

«ችግሩ እሱ ነው። ቪታሚን ሲ የሚባል ነገር አለ፤ ላምና ውሻ በሰውነታቸው ውስጥ ይሠሩታል። ሰውና ይሄ እንስሳ ግን ከምግብ ካላገኙት የላቸውም። እሳት ደግሞ ያጠፋዋል።»

«እኔና እሱ?»

«እርስዎና እሱ።»

ደብሪቱ ይህን አልወደደችውም። ቢሆንም ያሰበችውን ሳትጠይቅ አልወጣችም። «በጠጡንም ይበላል እኮ። እኔ ግን ከልክዬዋለሁ» አለች፣ ምስጋና እየጠበቀች።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ለምን?»

«እንዴት ለምን?»

«መብላት አለበት እናቴ። ሣር አንዴ በሆዱ አልፎ አይበቃውም። ደረቁን ይጥላል፣ ለስላሳውን መልሶ ይበላል፤ ኃይሉ እዚያ ነው ያለው።» ከመሳቢያው መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አወጣላት። «አሁን እሱ ራሱ አቅም የለውም። ከጤነኛው ለስላሳውን፣ ትኩሱን ይውሰዱ። በትንሽ ውሃ በጥብጠው በዚህ ያጠጡት። ብርቱካንም ጨምቀው ይስጡት። ሣር ይኑረው፣ ጥሬ ቃሪያም፣ የማያቃጥለው።»

«ማነው የሚበጠብጠው?»

«ሌላ ሰው አለ?»

ሌላ ሰው አልነበረም። ደብሪቱ እቤት ገብታ ወንፊቱን አነሣች፣ እጇን በፌስታል ጠቀለለች፣ ከቡናማው ፊት ቁጢጥ አለች። ከምሳ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቀችው። አንገቱን ወደ ሆዱ ሲያጥፍ እጇን ላከች፤ ቀደማትና ዋጠው። በሁለተኛው ፌስታሉ አንሸራተታት፣ እንስሳው ጮኸ። ደብሪቱ ፌስታሉን አውልቃ ጣለችው፤ በዚህ ዕድሜዋ ከአይጥ ጋር በጠጥ ትሻማለች። በሦስተኛው ግን አገኘችው። ለስላሳ፣ ሙቅ፣ የሚያጣብቅ ነው፤ መዳፏ ላይ ተለጠፈ። ጉሮሮዋ ድረስ መጣባት፤ ዋጥ አድርጋ መለሰችው። በቡና ሲኒ በጠበጠችው፣ ሲኒውን በኋላ ሰብራ ልትጥለው። ነጩን በግራ እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው፣ ሌላ መያዣ የለውምና። ልቡ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይመታል። የመጀመሪያውን ጠብታ ቀሚሷ ላይ ተፋባት።

«ዋጥ» አለችው። «እኔም ውጫለሁ።»

ለአምስት ቀን እንዲህ ሆነ። ከእያንዳንዱ በኋላ እጇን በበረኪና እያጠበች ቆዳዋ ተላጠ። ቃሪያው ሌላ ጣጣ አመጣ፤ የቱ እንደሚያቃጥል አይታወቅም። ያልተቀመሰ ሰጥታው ነጩ አፉን ከሽቦው ጋር ሲያሽ ከዋለ በኋላ፣ ጫፉን እየነከሰች፣ ካላቃጠላት ቀሪውን መስጠት ጀመረች። በሦስተኛው ቀን እያንጎላጀች ሳለ ጭራ ቢሱ የጀመረውን አንሥታ ነከሰችው። ጥርሱ ያረፈበት ቦታ ምላሷ ላይ ሻከራት። ወደ ጓሮ ሮጣ አፏን በጨው ተጉመጠመጠች፤ ያን ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ከዚያ ወዲያ ሕግ አወጣች፤ መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ እሱ፤ የተመለሰ አይነካም።

ቤተሰቡ የገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ሚርያም ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ማጠቢያው ክፍል ሮጠች። ደብሪቱ ከኋላዋ ቆመች፤ ያን ያህል መንገድ የመጣችን ልጅ መጀመሪያ ማቀፍ ነበረባት፣ ግን አላቀፈቻትም።

«ጆጆ ከስቷል። ለምን ያነክሳል?»

«ልገድለው ነበር። ቀቅዬ አበላሁት፤ በጠጡንም ከለከልሁት። ሐኪም ነው ያዳነው።»

ናኦሚ በሩ ላይ ሆና «እትዬ ደብሪቱ፣ እጅዎ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

ልጅቷም ወደ እጆቹ ዞረች። «ነካሽው?»

«ነካሁት።»

«ምን ይላል?»

ደብሪቱ አሰበች። «ይሞቃል» አለች። «ይቀፋል።»

«ያዢው እንግዲህ፣ ይለምድሻል።»

«የማልኩት እስክትመለሺ ነው። ተመልሰሻል።»

ሚርያም ሳቀችና ፍሪጁን ከፈተች። የበሩን ድምፅ የሰሙት ሁለቱ ጭራ ቢሶች ባንድ አፍ ጮኹ። ልጅቷ አንድ ረጅም ቃሪያ መርጣ ወደ ሽቦው ስትሄድ ደብሪቱ ከእጇ ነጠቀቻት፤ ጫፉን ነክሳ አኘከች፣ ፊቷ ተጨማደደ።

«ያቃጥላል» አለች። «ሌላ አምጪ።»