ቀዝቃዛ ግንባር

የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች መዳፋቸው በኖራ ስለሚደነድን ሙቅና ቀዝቃዛ አይለይላቸውም። አንዱ ቆስሎ ሲያቃስት አለቃው በእጁ አንጓ ግንባሩን ይነካና «ካላተኮሰህ አልታመምክም፤ ወደ ሥራህ!» ይለዋል። እዚያው የሚሠራው፣ ድንቢጥ የሚሏት ልጅ አባት ይህን ልማድ ቤቱም ይዞት ገብቷል።

ልጅቷን ቆርቆሮ እግሯን በጫራት ማግስት ምግብ አልወርድ አላት። አባቷ አንጓውን ግንባሯ ላይ አሳረፈ።

«ምንም የላትም። አላተኮሳትም፤ ውሃ ናት።»

«ዓይኗን እየው እስቲ፤ ፈዟል እኮ» አለች ሚስቱ።

«አንቺ ደግሞ ስትፈሪ! ከትምህርት ቤት ለመቅረት ነው። አይደል፣ ድንቢጤ?»

«አይደለም አባዬ። ነገ ሰሌዳ የማጸዳው እኔ ነኝ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ጠዋት ቢጠሯት አልመልስ አለች። እናቷ አዝላት፣ እሱ ጫማውን እንኳ ሳያስር ሆስፒታል ደረሱ።

«ባክቴሪያው ደሟ ውስጥ ገብቷል» አለች ሐኪሟ።

«ትኩሳት እኮ የላትም፣ ዶክተር!»

«የፈራሁትም እሱን ነው። ባክቴሪያ ሲገባ ሰውነትን የሚያስጠነቅቅ ፕሮቲን አለ። ተከላካዮቹን የሚጠራው፣ ትኩሳቱንም የሚያስነሳው እሱ ነው። የእሷ የሚሠራ አይመስለኝም። ሌባው ገብቶ ውሻው ሳይጮህ ቀረ በሉት። ደሟን እናስመረምራለን።»

መድኃኒቱ በደም ሥሯ ሲገባ ዋለ። ሊመሽ ሲል እጇ ከእናቷ እጅ ውስጥ ላላ።

አለቃው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ከአባትየው አጠገብ ተቀመጠ።

«አተኩሷት ነበር?»

«አላተኮሳትም።»

«ታዲያ ምን ነካት?»

አባት አንጓውን ጉያው ውስጥ ደበቀ።

ውጤቱ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። ሐኪሟ ባልና ሚስቱን አስጠርታ አስቀመጠቻቸው።

«እንደጠረጠርኩት ነው። ከሁለታችሁም በዘር የወረሰችው ነው። ሌላ ልጅ አላችሁ?»

ተያዩ።

«ማሙሽ አለ» አለች እናት በቀጭን ድምፅ። «ገና ድክ ድክ ማለቱ ነው።»

«ነገ ይምጣና እንመርምረው። እስከዚያ ትንሽ ቢጫጫነው ትኩሳት አትጠብቁ፤ በሩጫ አምጡት።»

ቤት ሲደርሱ ጎረቤታቸው ሕፃኑን አስተኝታ ጠበቀቻቸው።

«ዛሬ እንጃ፣ ወተቱን እንቢ አለኝ። ግን አይዟችሁ፣ አላተኮሰውም።»

አባት ጎንበስ ብሎ እንደ ልማዱ አንጓውን ግንባሩ ላይ አሳረፈ። ግንባሩ ቀዝቃዛ ነው። ድሮ ቢሆን እፎይ ብሎ ይነሣ ነበር። አሁን ግን ሕፃኑን ከተኛበት ብድግ አደረገው።

«እንዴት ነው?» አለች ሚስቱ።

«ውሃ ነው» አላት።

ሚስቱ ማዘያዋን አነሣች።